ሲምቢዲየሜ ላይ ድር፣ ፋላኖፕሲሶቼ ላይ ጎድጓዳ ነጠብጣብ፤ ሁለቱም ማይት ነው?

ሰሊ_ሜሪላንድ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ አምስት ኦርኪድ አለኝ። ሦስቱ ፋላኖፕሲስ ናቸው፣ ያው ግሮሰሪ በር ላይ የሚደረደሩት ዓይነት። አንድ ዴንድሮቢየም አለ፣ አንድ ትልቅ ሲምቢዲየም ደግሞ ወደ ካሊፎርኒያ የሄደች ጎረቤቴ ትታልኝ ነው። ሲምቢዲየሟ ሰመሩን በረንዳ ላይ ትከርማለች፣ ብርድ ሲጀምር አስገባታለሁ። ዘንድሮም ጥቅምት መጨረሻ ላይ አስገባኋት። አሁን ሁሉም አንድ መስኮት ላይ ናቸው፣ ከሥራቸው ሂተሩ ይነፋል።

ከገና ወዲህ ሲምቢዲየሟ መልኳ ጠፋ። ቅጠሏ ከላይ ሲታይ አቧራ ያለበት ይመስላል፣ ስጠርገው ግን አይለቅም። ስገለብጠው ጀርባው ብርማ ሆኗል። ቅጠሎቹ ከሥር በሚገናኙበት ቦታ ቀጭን ድር አለ፣ ብርሃን ካልመታው አይታይም።

ፋላኖፕሲሶቹ ላይ ድር የሚባል የለም። ሁለቱ ላይ ግን የቅጠሉ የላይኛው ፊት ጎድጎድ ጎድጎድ ብሏል፤ አንዳንዱ ጉድጓድ ነጣ ያለ ነው፣ አንዳንዱ ወደ ቡናማ ሄዷል። ሦስተኛዋና ዴንድሮቢየሙ ለጊዜው ደህና ናቸው።

እናቴ በስልክ "ውሃ አብዝተሽባቸው ነው" ትላለች። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ፈንገስ ነው አለችኝ። ሱቅ ያለው ልጅ ደግሞ አፈሩ ላይ የሚበተን፣ ተክሉ በሥሩ የሚስበው መድኃኒት አሳየኝ፤ ኢሚዳክሎፕሪድ ይላል። "ይሄ ሁሉንም ይገድላል" ነው ያለኝ። ልግዛው?

የዝዋይ_ስካውት

ሰሊ እህቴ፣ ሳትገዢ መጠየቅሽ ጥሩ ነው። እሱ ይቆይ።

ምክሬ ከየት እንደሚመጣ እንድታውቂ፦ ዝዋይ፣ አሁን ባቱ በምንላት ከተማ፣ ጽጌረዳ እርሻ ውስጥ ስካውት ነበርኩ። ስካውት አይረጭም፣ አበባም አይቆርጥም። ግሪንሃውስ ውስጥ መስመር በመስመር እየሄደ ቅጠል ይገለብጣል፣ በሌንስ ያያል፣ ይመዘግባል፣ ማይት የበዛበት ቦታ ላይ ሪባን ያስራል። ኑሮዬ የቅጠል ጀርባ ነበር። አሁን አዲስ አበባ የቤት ውስጥ አትክልት እሸጣለሁ፣ የራሴ የሆኑ ጥቂት ኦርኪዶችም አሉኝ።

መድኃኒቱን ተይው ያልኩሽ ማይት ነፍሳት ስላልሆነ ነው። ስምንት እግር ያለው የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ ነው። ኢሚዳክሎፕሪድ ክሽክሽንና ጥጥ መሳዩን ሚሊባግ ይገድላል፣ ማይትን አይነካም። አለመጥቀሙ ሳያንስ፣ በተረጨባቸው አንዳንድ ተክሎች ላይ ማይት ከበፊቱ ብሶ እንደሚበዛ በጥናት ታይቷል። እነዚያ በየሱፐርማርኬቱ ያሉት የዝንብና የበረሮ ፍሊቶችም ያው ናቸው፤ ማይቱን ትተው ማይቱን የሚበሉትን ይጨርሱልሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የነገርሽን ታሪክ አንድ አይመስለኝም፣ ሁለት ነው፤ ምናልባትም ሦስት።

ሲምቢዲየሟ ላይ ያለው ሳላየውም ብዙ አያጠራጥርም። ጀርባው ብርማ፣ ድር፣ ከሥር ሂተር፣ ደረቅ አየር፤ ይሄ ባለ ሁለት ነጥቡ ሸረሪት ማይት ነው፣ ቴትራኒከስ ኡርቲኬ። እርሻ ላይ "ቀይ ሸረሪት" ሲሉት ትሰሚ ይሆናል፣ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀይ አይደለም። ፈዛዛ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ጎንና ጎኑ ላይ ሁለት ጥቁር ጥላ አለው። ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። አፉን ወደ ቅጠሉ ሕዋስ ሰክቶ ውስጡን ይመጥጣል፣ ባዶው ሕዋስ አየር ሲሞላው ብርሃን ይመልሳል። ያየሽው ብርማ ነገር እሱ ነው፤ ቆሻሻ ስላልሆነ ነው ሲጠረግ የማይለቀው። የተመጠጠው ሕዋስም ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም። ስለዚህ ማይቱ ካለቀ በኋላም ቅጠሉ እንደዚያው ይቆያል፣ "መድኃኒቱ አልሠራም" ብለሽ እንዳትደግሚበት ነው አሁን የምነግርሽ።

ፋላኖፕሲሶቹ ላይ ያለውን ግን ሳይታይ መፍረድ አልፈልግም። ድር የማይሠራ ሌላ ማይት አለ፣ ጠፍጣፋው። ኦርኪድ ላይ የሚመጡት ብሬቪፓልፐስና ቴኑይፓልፐስ የሚባሉት ናቸው፤ ቴኑይፓልፐስ ፓሲፊከስ ፋላኖፕሲስን በጣም ይወዳል፣ የሚተወውም ምልክት ልክ እንዳልሽው ከላይ በኩል ጎድጓዳ ነጠብጣብ ነው። ይሄኛው ከሸረሪት ማይት በቁመት ግማሽ ያህል ቢሆን ነው፣ በባዶ ዓይን ለማየት አትድከሚ።

ችግሩ ብርድም ይሄንኑ ምልክት ማምጣቱ ነው። ፋላኖፕሲስ የሞቃት አገር ተክል ነው። በክረምት ሌሊት ቅጠሉ መስታወት ከነካ፣ ወይም ከቧንቧ የወረደ ቀዝቃዛ ውሃ ቅጠሉ ላይ ከፈሰሰ፣ ውስጡ ያሉት ሕዋሶች ይሞቱና ቦታው ይሰረጉዳል። ያውም ወዲያው አይታይም፣ ሳምንታት ቆይቶ ነው የሚወጣው፤ ሰዉ ያኔ ብርዱን ረስቶታል፣ ተባይ ይፈልጋል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ይሄን አድርጊ። ነጭ ሶፍት በውሃ አርጥቢና የእያንዳንዱን ተክል ቅጠል ጀርባ ከሥሩ እስከ ጫፉ አንዴ ጫን ብለሽ ጥረጊ። ለእያንዳንዱ ተክል አዲስ ሶፍት። ቀላ ያለ ወይም ቡናማ መስመር ከቀረበት ማይት ተጨፍልቋል ማለት ነው። ቀጥሎ ነጭ ወረቀት ከሥር አድርገሽ ቅጠሉን መታ መታ አድርጊው፣ ትንሽ ጠብቂና ነጥቦቹ ይሄዱ እንደሆነ እዪ። አቧራ አይሄድም።

ሌንስ ካገኘሽ ደግሞ ነገሩ ያበቃል። 10 እጥፍ የሚያጎላ ይበቃል፣ 20 ከሆነ የተሻለ ነው፤ ሰዓት ሠሪዎች የሚይዙት ዓይነት ማለቴ ነው። ሌንሱን ዓይንሽ ሥር አስጠጊው፣ ከዚያ ቅጠሉን ወደ ሌንሱ አምጪ፤ ጀማሪ ሁሉ ሌንሱን ቅጠሉ ላይ አስቀምጦ ከሩቅ ያያል፣ ምንም አይታየውም። የቅጠሉን መሃል አጥንት ግራና ቀኝ ተከተይ። ክብ፣ እንደ ውሃ ጠብታ የጠራ እንቁላል ካየሽ የሸረሪት ማይት ነው። ሞላላ፣ ደማቅ ብርቱካናማ ቀይ እንቁላል ካየሽ ጠፍጣፋው ነው። ጠፍጣፋው ራሱ የሸክላ ቀለም አለው፣ ሲሄድ በጣም ይዘገያል፣ ብዙውን ጊዜ አይሄድም። ዙሪያውን የተጣለ ነጭ ልብስ፣ ማለትም ያወለቀው ቆዳ፣ ብናኝ መስሎ ይታይሻል።

አንድ ማሳሰቢያ። ቀይ ሁሉ ጠፍጣፋው አይደለም። የሸረሪት ማይት እንስቷ ቀኑ ሲያጥርና ሲበርድ ወደ ብርቱካናማነት ትለወጣለች፣ ክረምቱን ተደብቃ ታሳልፋለች። ሲምቢዲየምሽ በረንዳ ላይ ቆይታ ስለገባች እንዲህ ያሉትን ይዛ ሊሆን ይችላል። ድር አለ የለም፣ እንቁላሉ ጥርት ያለ ነው ቀይ፣ በእሱ ለዪው።

እስከዚያ ሲምቢዲየሟን ከመስኮቱ አውርደሽ ሌላ ክፍል አስገቢያት። አሁኑኑ።

እማማ_ረሆቮት

ልጄ ሰሊ፣ ሰላም ነሽ? እኔ ያለሁት እስራኤል ነው፣ ሲምቢዲየም በረንዳዬ ላይ ካሳደግኩ ቆየሁ። እዚህ አካሪት ነው የሚሉት። ሻራቭ ሲመጣ፣ ያ ከበረሃ የሚነሳው ትኩስ ንፋስ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ቅጠሉን ሁሉ ያለብሰዋል። የጥላ ቦታ ላይ ያለ ተክል እንኳ አይተርፍም።

የኔ መድኃኒት ውሃ ነው። በጠዋት ጎማውን አንስቼ የቅጠሉን ጀርባ፣ ጀርባውን ነው የምልሽ፣ በደንብ በሚገፋ ውሃ አጥበዋለሁ። ፊቱን ብቻ ያጠበች አልታጠበችም። ድሩ ሲበጠስ እንቁላሉም አብሮ ይሄዳል። ሙቀቱ ሲጸና በየሁለት ቀኑ አደርገዋለሁ። እዚያ አሁን ውጭው ብርድ ስለሆነ ሻወር ውስጥ አስገቢያት፣ ለብ ባለ ውሃ።

አንድ ዓመት ደግሞ ልጄ እንጆሪ ግሪንሃውስ ውስጥ ሲሠራ ማይት የሚበላ ማይት በጠርሙስ አመጣልኝ። ስዴ ኤሊያሁ ኪቡትዝ ነው የሚያረቡት። በተንኩት፣ ከዚያ በኋላ ማይቱን ፈልጌ አጣሁት። አሜሪካም አይጠፋም፣ ጠይቂ።

ጌራ_ሰሚት

ይሄን ሁሉ ሌንስ ምን አስፈለገ ጎበዝ 😀 እኛ ሰፈር ኦሞ በውሃ በጥብጠን፣ ትንባሆ ዘፍዝፈን አጣርተን፣ ቀላቅለን ነው የምንረጨው። አያቴ ለጎመን የምታደርገው ነው። ክሽክሹ በማግሥቱ ረግፎ ታገኘዋለህ።

የዝዋይ_ስካውት

ጌራ፣ ክሽክሹ ይረግፋል፣ አልተሳሳትክም። ክሽክሽ ነፍሳት ነው፣ ትንባሆው ውስጥ ያለው ኒኮቲን ይገድለዋል። ይሄ ማይት ነው፣ ሌላ ፍጥረት። ደግሞ ኒኮቲን ሰውንም ይመርዛል፣ በቆዳም ይገባል፤ መስኮቱ በተዘጋ አፓርታማ ውስጥ ልጅና ድመት እያለ ትንባሆ የዘፈዘፈ ውሃ እርጪ ብዬ ማንንም አልመክርም። ከትንባሆ ጋር የሚመጣ ቫይረስም አለ፣ የትንባሆ ሞዛይክ፣ ኦርኪድንም ይይዛል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ኦርኪድ ከመንካቱ በፊት እጁን ይታጠብ የሚባለው በዚህ ነው።

ኦሞም ልብስ ላይ ይሻላል። የልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥ ሶዳና ማንጫ አለ፣ የቅጠሉን ሰም ይገፍና ያቃጥለዋል። ጎመኑን አያትህ በሳምንቱ ትቀጥፈዋለች፣ የኦርኪድ ቅጠል ግን ለዓመታት ነው የሚቆየው። በፖታሽየም የተሠራው ለተክል የሚሆነው ፈሳሽ ሳሙና ሌላ ነው፣ እሱን ነው የምንፈልገው።

እማማ፣ ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እኛም እርሻ ላይ ከመርጨት በፊት ማጠብ ነበር። ስለ ጠርሙሱ ግን ትንሽ ልጨምር፣ እሱ ነገር ልቤ ውስጥ ያለ ነው።

ያ አዳኝ ማይት ፊቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ ይባላል። ወደ አውሮፓ ሳይንስ ዓይን የገባው በምን እንደሆነ ያውቃሉ? በኦርኪድ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በፈረንጅ፣ ከቺሊ ወደ ጀርመን ከመጡ ኦርኪዶች ጋር ሳይጋበዝ መጣ፤ ዶሴ የሚባል ተመራማሪ አገኘው፣ የሸረሪት ማይትን እንዴት እንደሚጨርስ አስተዋለ። ከዚያ በ1967 ኮፐርት የሚባል ሆላንዳዊ የኪያር ገበሬ ማራባትና መሸጥ ጀመረ፤ ያ ቤት ዛሬ በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። እኛም ዝዋይ ጋ ጽጌረዳው ላይ የምንበትነው ይሄንኑ ዘር ነበር። በጠርሙስ፣ ቨርሚኩላይት ከሚባል ቀላል የማዕድን ፍርፋሪ ጋር ተደባልቆ፣ በቀዝቃዛ ሣጥን ይመጣል። ጠርሙሱን አግድም ይዘሽ ቀስ እያልሽ ታሽከረክሪዋለሽ፣ አለበለዚያ ሁሉም ወደ አፉ ይወጡና መጀመሪያ የነካሽው ተክል ላይ ይወርዳሉ፣ መጨረሻው ተክል ቨርሚኩላይት ብቻ ይደርሰዋል። አንዷ እንስት በቀን አምስት ያህል ትልልቅ ማይት ወይም ሃያ ያህል እንቁላልና ጫጩት ትበላለች። ቀለሟ ብርቱካናማ ነው፣ ታብረቀርቃለች፣ የሸረሪት ማይቱ ከሚሄድበት በብዙ ትፈጥናለች። አዲስ የገባ ሠራተኛ "ቀዩ በዛ!" ብሎ እየጮኸ ይመጣል፣ ሄደሽ ስታዪ ወዳጃችን ናት።

ታዲያ ለሰሊ ለምን አልመከርኩም? ፐርሲሚሊስ ድር የሚሠራውን የሸረሪት ማይት እንጂ ጠፍጣፋውን ፈልጋ አትበላም። እርጥበትም ትፈልጋለች፣ ከ60 በመቶ በላይ። አየሩ ደረቅ ከሆነ እንቁላሏ ይደርቃል። ሂተር የሚነፋበት የአሜሪካ ክፍል በጥር ወር ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ኒዮሴዩለስ ካሊፎርኒከስ የሚባለው ሌላው አዳኝ ድርቀትን ይችላል፣ ሥራው ግን ቀስ ያለ ነው። ለአምስት ተክል ገንዘብሽን አታውጪ፤ ሃምሳና መቶ ቢኖርሽ ሌላ ጨዋታ ነበር።

ሰሊ_ሜሪላንድ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ እማማ በተለይ። ሌንስ አዘዝኩ፣ እስኪመጣ የሶፍቱን ሞከርኩ፣ ዛሬ ደግሞ ሌንሱ ደረሰ።

ሲምቢዲየሟ ሶፍቱን አበላሸችው፣ ቀይ ቡናማ መስመር ቀረበት። በሌንስ ሳይ ደነገጥኩ፣ ይተራመሳሉ። ሁለቱ ጥቁር ጥላ በግልጽ ይታያል። እንቁላሉም እንዳልከው ጥርት ያለ ክብ ነው፣ አንዳንዱ ድሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ብርቱካናማዎችም አሉ።

ነጯ ፋላኖፕሲስ፣ ጉድጓድ ካላቸው አንዷ፣ ሶፍቱ ላይ ምንም የሚባል አልተወችም። በሌንስ ግን የቅጠሉ ሥር አካባቢ፣ መሃል አጥንቱ ጎን፣ ብርቱካናማ ሞላላ ነገሮች ተሰልፈው አየሁ። የሚንቀሳቀስ አንድ ነገር ለማየት ብዙ ጠበቅኩ፤ በመጨረሻ አንዷ የሸክላ ቀለም ያላት ትንሽ ፈቀቅ አለች።

ሁለተኛዋ፣ ሐምራዊዋ፣ ጉድጓዱ ከነጯም ይብሳል ግን ብዙ ፈልጌ እንቁላልም ነጭ ቆዳም አላገኘሁም። መስታወቱን የምትነካው እሷ ነች። ጉድጓዱም ያለው በመስታወቱ በኩል ባለው ቅጠል ላይ ብቻ ነው።

ዴንድሮቢየሙ ላይ ጥቂት የሸረሪት ማይት አገኘሁ፣ ገና ድር የለም። ሦስተኛዋ ፋላኖፕሲስ ንጹሕ ነች።

የዝዋይ_ስካውት

እንዲህ ነው ስካውት! እርሻ ብትሆኚ ሪባኑን ላንቺ እሰጥሽ ነበር።

ሐምራዊዋን ከመስታወቱ አርቂያትና ምንም አታድርጊባት። ብርድ ነው። ቀጥሎ የሚወጣው ቅጠል ልስልስ ካለ አለቀ፤ እሱም ከጎደጎደ ተመልሰሽ በሌንስ እዪ።

ሲምቢዲየሟንና ዴንድሮቢየሙን ሻወር ውስጥ አስገቢ፣ እማማ እንዳሉት ለብ ባለ ውሃ ጀርባውን እጠቢ። ፖቱን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልይው፣ በአፈር ፈንታ ያለው የዛፍ ቅርፊት እንዳይዘፈዘፍ። የሲምቢዲየሟ ቅጠል ረጅም ስለሆነ አንድ በአንድ በሁለት ጣት መሃል እርጥብ ጨርቅ ይዘሽ ከታች ወደ ላይ ሳቢው፤ ያ ብቻውን አብዛኛውን ያወርደዋል። በጣም የተመጠጠና ቢጫ የሆነ አሮጌ ቅጠል ካለ ቆርጠሽ በከረጢት አስረሽ ጣይው። መቀሱን በእሳት ወይም በአልኮል ሳታጸጂ ሌላ ተክል አትንኪበት።

ሲደርቅ ሳሙናውን እርጪ። ለተክል የሚሆን፣ ሌብሉ ላይ ማይት የሚል መሆኑን እዪ። ተበጥብጦ የተዘጋጀ ከሆነ እንዳለ ነው፤ የሚቀጠን ከሆነ ብዙውን ጊዜ በሊትር 20 ሚሊ ገደማ ነው፣ ሌብሉ ሌላ ካለ ሌብሉን ተከተይ። ሳሙና የሚገድለው እርጥብ ሆኖ የነካውን ብቻ ነው፣ ከደረቀ በኋላ ምንም አይሠራም። ስለዚህ ጀርባው እስኪንጠባጠብ ድረስ እርጪ፣ ድርቅ ያለ ፀሐይ ላይ አታድርጊው፣ በማግሥቱ በንጹሕ ውሃ አለቅልቂው። አበባ ላይ አትርጪ፣ ያበላሸዋል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሰናከልበት ቦታ መጣ። ሳሙናው እንቁላሉን በደንብ አይገድልም። ዛሬ ትረጪያለሽ፣ ነገ ሌንሱ ላይ ማንም የለም፣ ደስ ብሎሽ ትተኛለሽ፣ በሳምንቱ ይተራመሳሉ። ክፍሉ ሞቃት ሲሆን፣ 30 ዲግሪ አካባቢ ማለቴ ነው፣ የሸረሪት ማይት ከእንቁላል ተነሥቶ እንቁላል እስኪጥል ስምንት ቀን ገደማ ይበቃዋል። 20 ዲግሪ ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ ይወስድበታል። ስለዚህ የተፈለፈሉት ሳያድጉና ሳይጥሉ ነው ደግመሽ ማግኘት ያለብሽ፤ ሂተር ላለበት ቤት በየአምስት ቀኑ፣ ሦስት ወይም አራት ዙር። አንዱን ዙር መዝለል ሁሉንም እንደገና ከመጀመሪያው መጀመር ነው። እንግዳ መጣ፣ ሥራ በዛ፣ የሚሉት እዚህ ላይ አይሠራም።

ነጯ ፋላኖፕሲስ ሌላ አያያዝ ነው የምትፈልገው። ጠፍጣፋው ማይት ድር ስለሌለው ሳሙናው በቀላሉ ያገኘዋል፣ ግን ዕድገቱ ዝግ ያለ ነው፣ በሞቃት ቦታ ሦስትና አራት ሳምንት፣ ቀዝቀዝ ካለ ከዚያም ይረዝማል። በየአምስት ቀኑ መርጨት አያስፈልግሽም፤ በየአሥር ቀኑ ይበቃል፣ ግን ሁለት ወር ያህል መቀጠል አለብሽ። ሰው ሦስት ዙር አድርጎ ያቆማል፣ ጠፍጣፋው ደግሞ ቅጠሉ ሥር እጥፋት ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። እዚያ እጥፋት ውስጥ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ፣ 70 በመቶ አልኮል ነክረሽ፣ ብርቱካናማዎቹን እንቁላሎች አንድ በአንድ አንሺያቸው። አልኮሉን ሥሩ ላይ አታፍስሺው። ከሁሉ በላይ ግን መሃሉ፣ አዲስ ቅጠል የሚወጣበት ጽዋ ውስጥ ውሃ ተኝቶ እንዳያድር፣ በሶፍት ጫፍ ምጠጪው። ማይት ፋላኖፕሲስን ቶሎ አይገድልም፣ የመሃል መበስበስ ግን በጥቂት ቀን ይጨርሳታል።

አንድ ነገር ደግሞ ተከታተይ። ብሬቪፓልፐስ ካሊፎርኒከስ የሚባለው ጠፍጣፋ ማይት የኦርኪድ ፍሌክ ቫይረስን ያስተላልፋል። ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ወይም ቀለበት የመሰለ ምልክት በዝቶ ካየሽ፣ ጎድጓዳ ሳይሆን ልሙጥ ቢጫ፣ ለቫይረስ መድኃኒት የለውም፤ ተክሉን ከሌሎቹ ለይቶ ማስወገድ ነው። ያንቺዋ የሚመስል ነገር አልነገርሽኝም፣ ለማወቅ ያህል ነው።

ጌራ_ሰሚት

እሺ ሽንፈቴን ተቀብያለሁ። ግን እዚህ አዲስ አበባ የፖታሽየም ሳሙና ከየት ይመጣል? የእርሻ መድኃኒት የሚሸጡ ሱቆች አባሜክቲን አላቸው፣ እሱ ማይት ይገድላል ብለውኛል።

የዝዋይ_ስካውት

ይገድላል፣ ውሸት አልነገሩህም። አባሜክቲን ቅጠሉ ውስጥ ስለሚገባ ጀርባው ላይ ያለውንም ያገኛል። ግን ለእርሻ የተሰናዳ ነው፤ የሚለካው በጥቂት ሚሊ ነው፣ ረጪው ጓንትና ማስክ ያደርጋል፣ ግሪንሃውሱ ይዘጋል። ሳሎን ውስጥ፣ አልጋ አጠገብ አይረጭም። ለንብና ለዓሣም መርዝ ነው፣ የተረፈውን ቦይ ውስጥ የሚደፋ አይቻለሁ። ደግሞ ያንኑ መድኃኒት ደጋግመህ ከረጨህ የሸረሪት ማይት ይለምደዋል፣ እርሻዎች እንኳ የሚያፈራርቁት ለዚያ ነው።

አንተ ቤት የሚበቃህ ቀለም የሌለው ለስላሳ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና፣ በሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ፣ መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክረህ ሁለት ቀን ጠብቀህ። የኒም ዘይት ካገኘህ በሊትር 5 ሚሊ ጨምርበት፣ ሳሙናው ነው ከውሃው ጋር የሚያዋህደው፤ ማታ ማታ እርጭ። ድኝ የረጨህበት ተክል ላይ ግን ዘይት አታድርግ፣ ቢያንስ ወር ይለፈው፣ ሁለቱ ሲገናኙ ቅጠል ያቃጥላሉ። እኛ ዘንድ መጥፎው ጊዜ በጋው ነው፣ ከኅዳር እስከ ግንቦት፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ራሱ ያግዝሃል።

ሰሊ_ሜሪላንድ

ሁለተኛው ዙር አለቀ። ሲምቢዲየሟ ላይ ሌንሱ የሚያሳየኝ ጥቂት ብቻ ነው፣ አዲሱ ቡቃያዋም አረንጓዴ ሆኖ እየወጣ ነው። ሂተሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞርኩት፣ ትንሽ የእርጥበት ማሽንም ገዛሁ። በየቀኑ ውሃ ብረጭባቸው ይጠቅማል?

አንድ ሌላ ነገር፦ ዴንድሮቢየሙን ሳነሳ ቅርፊቱ ውስጥ ቡናማ የሚያብረቀርቁ ትንንሽ ነገሮች ሲሮጡ አየሁ፣ ውሃ ሳጠጣ ደግሞ ነጫጭ የሚዘሉ ወጡ። እነዚህም ማይት ናቸው?

እማማ_ረሆቮት

ልጄ፣ በየቀኑ ብናኝ መርጨቱን ተይው፣ እጅ ያደክማል እንጂ ማይት አያባርርም። የሚገፋ ውሃ ነው የሚያወርደው።

የዝዋይ_ስካውት

እማማ ጨርሰውታል። የእርጥበት ማሽኑ ጥሩ ነው፣ ክፍሉ ከ50 በመቶ በላይ ከሆነ የሸረሪት ማይት ቀስ ይላል፣ ብቻውን ግን አያጠፋውም።

ቅርፊቱ ውስጥ የሚሮጡት ቡናማዎች ማይት ሳይሆኑ አይቀሩም፣ ግን የበሰበሰ ቅርፊትና ፈንገስ የሚበሉ ናቸው፣ ቅጠል አይነኩም። ነጫጮቹ የሚዘሉት ስፕሪንግቴይል ናቸው፣ እነሱም እንደዚያው። ሁለቱንም ተያቸው። ብዙ ከሆኑ ቅርፊቱ አርጅቷል ወይም ውሃ ይበዛዋል ማለት ስለሆነ፣ አበባው ሲረግፍ ቅርፊቱን ቀይሪለት።